ቅናሹ የማን ነው?

አማርኛ "ረከሰ" በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። የሽንኩርት ዋጋ ሲወርድ ረከሰ ይባላል፤ ንጹሕ የነበረ ነገር ሲቆሽሽም ረከሰ ይባላል። ርካሽ ዕቃ አለ፣ ርካሽ ሰውም አለ። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ገበያ ወጥተው የሚያውቁ ይመስለኛል። ዋጋው የወረደ ነገር ሲያዩ ከመደሰታቸው በፊት "ምን ነክቶት ነው?" ብለው የጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ይኼ ነገር አእምሮዬ ውስጥ የገባው በ2017 ዓ.ም. ርካሽ ስልክ ፍለጋ ስዞር ነው። ለራሴ አልነበረም። የኔ ስክሪን ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ተላምደናል። የፈለግኩት ለታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ጊንጪ እናቴ ጋር ነው፣ እኔ ሥራዬ አምቦ ነው። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ እንዳልደረሰ ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ የሚያነቡት በፒዲኤፍ ነው። መልመጃው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ቴሌግራም ላይ ናቸው፣ የመምህሩ "ነገ ማካካሻ አለ" የሚለው መልእክት እንኳን ቴሌግራም ላይ ነው። ወንድሜ የነበረው ግን ባለ በተን ስልክ ነው። ማታ ማታ ጎረቤት ልጅ ቤት እየሄደ በተራ ያነብ ነበር። ባዮሎጂን በተራ! ልጁ እንቅልፍ ሲመጣው ስልኩን ይዞ ይተኛል፣ የኔ ወንድም ደግሞ ምዕራፉን መሃል ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እጄ ላይ 11 ሺህ ብር ነበር። ዕቁብ ደርሶኝ፣ የቤት ኪራይ ተከፍሎ የተረፈው።

11 ሺህ ብር ከአንድ ዓመት በፊት ደህና ገንዘብ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የዶላርን ዋጋ ገበያው ይወስነው ብሎ ለቀቀው። ከዚያች ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ስልክ ደግሞ የትም ቢገጣጠም የዶላር ዕቃ ነው። ቴክኖ አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አይቴልና ኢንፊኒክስም የዚያው ኩባንያ ልጆች ናቸው። ግን መገጣጠም መሥራት አይደለም። ስክሪኑም፣ ቺፑም፣ ባትሪውም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሁሉም በዶላር። አምቦ ውስጥ 11 ሺህ ይዤ ለተማሪ የሚሆን አዲስ ስልክ ስጠይቅ ሻጮቹ በትሕትና ፈገግ ይሉ ነበር። አንዱ "አምና ብትመጪ ኖሮ፣ እህቴ" አለኝ። አምና የሚባል ሱቅ የለም።

ስለዚህ ቅናሽ ፍለጋ ወጣሁ።

ቅናሽ በብዛት ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። "ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የገባ፣ ንጹሕ ዕቃ፣ ክፍለ ሀገር እንልካለን።" ብሩን በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ስልኩ በሚኒባስ ረዳት እጅ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አምቦ ይደርሳል። ወይም አይደርስም። የደረሰለት ሰው የሚያደርገውን ምርመራ ብታዩ የድንበር ኬላ ይመስላችኋል። መጀመሪያ *#06# ይደወላል፤ 15 አኃዝ ያለው የቀፎው መለያ ቁጥር ይመጣል፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ካርቶን ከሌለ ጥያቄ ይነሳል። ቀጥሎ የድሮው ባለቤት የጎግል አካውንት ውስጡ ቀርቶ እንደሆነ ይታያል። ከዚያ ስክሪኑ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ጀርባው አብጦ እንደሆነ፣ ቻርጀሩ ሲሰካ ይላወስ እንደሆነ። ይኼ ሁሉ ፍተሻ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለምን ረከሰ?

መልሱ ሁልጊዜ ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የቀፎ ምዝገባ የጀመረ ጊዜ፣ ቀረጥ ሳይከፈልባቸው የሚገቡ አዳዲስ ስልኮች ኔትወርክ እንዳያገኙ ተደርጎ ነበር። ምዝገባው ኋላ ቀረ፤ ያሳየን ነገር ግን አልቀረም። ያ ስልክ የረከሰው አንድ ሰው መክፈል የነበረበትን ስላልከፈለ ነው፣ ያልተከፈለው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ገዢው ላይ ደረሰ። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ስልክ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተከፈለ በዱቤ ይሸጣል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ከሩቅ ይቆለፋል። እንዲህ ያለ ስልክ እጅ ቀይሮ ድንበር ቢሻገር ዕዳው አብሮት ይሻገራል። የተሰረቀውንማ ተዉት፤ የሱ ቅናሽ የተከፈለው ሚኒባስ ውስጥ ኪሱ በተዳበሰ ሰው ነው።

ይኼ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቅናሽ አገር አሜሪካ ነው፣ እዚያም ሱቅ ይሞታል። ሬዲዮሻክ የሚባለው በ1921 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ የተመሠረተ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ሲያመለክት ከ4 ሺህ በላይ ሱቆች ነበሩት። ከ1,700 በላይ የሚሆኑት ተረፉ፣ አብዛኞቹም ቤታቸውን ስፕሪንት ለሚባል የስልክ ኩባንያ አካፍለው ቀጠሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደገና ከሰረ። ከሱ በፊት ደግሞ መቀመጫውን ብዙ የኛ ሰው በሚኖርባት ቨርጂኒያ ያደረገው ሰርኪት ሲቲ በኖቬምበር 2008 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ አመልክቶ በቀጣዩ ማርች የመጨረሻ ሱቆቹን ዘግቷል።

እንዲህ ያለ ትልቅ ሱቅ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ሽያጩን የሚመራው ባለቤቱ አይደለም፣ ንብረት አጣሪ ነው። አጣሪው የታወቀ ዘዴ አለው። መጀመሪያ ዕቃውን ወደ ሙሉ ዋጋው ይመልሰዋል፤ ከዚያ "ሁሉም ነገር ይሸጣል፣ ከ10 እስከ 30 በመቶ ቅናሽ" ብሎ ይለጥፋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሮጠ ሰው ባለፈው ወር ከነበረው በሚበልጥ ዋጋ ሊገዛ ይችላል፣ መመለስ ደግሞ የለም። እውነተኛው ቅናሽ የሚመጣው ወደ መጨረሻ ነው፣ ያኔ የቀረው ማንም ያልፈለገው ገመድና የስልክ ሽፋን ሲሆን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዕቃውን የሚያወርደው ሠራተኛ የራሱን የመጨረሻ ቀን እየቆጠረ ነው።

ከእነዚያ አገር ሱቆች በቅናሽ የተገዙ ስልኮች በሻንጣ እኛ ዘንድም ይደርሳሉ። በትንሽ ብር ያምራሉ፤ ግን ለአንድ ኩባንያ ተቆልፈው የተሸጡ ናቸው። አንዳንዶቹ የድሮ ሲዲኤምኤ ስልኮችማ ሲም ማስገቢያ እንኳን የላቸውም። "ዲኮድ እናደርጋለን" የሚል ወረቀት በየሱቁ መስተዋት ላይ የተለጠፈው ለዚህ ነው። የሩቅ ዘመድ ፍቅር፣ ተቆልፎ የመጣ።

በእኛ በኩል 4 ሺህ ሱቅ ያለው ድርጅት የለም። ሦስት ያለው ግን ነበር።

አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ላይ ቅርንጫፍ የነበረው የኤሌክትሮኒክስ ቤት። ስሙን አልጠራም። ቲቪ፣ ዲሽ፣ ምድጃ፣ ስልክ ይሸጣል፤ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የአንድ ዓመት ዋስትና ወረቀት ላይ ማኅተም ያሳርፋል። ልጅ ሆኜ መስተዋቱ ፊት ቆሜ የአረብ ፊልም አይቻለሁ። ጥር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "እየዘጉ ነው አሉ፣ ዋጋ ጥለዋል" አለችኝ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቅኩም።

አምቦ ያለው መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነበር። የተሞላ እንዲመስል ባዶ ካርቶን ደርድረውበታል። ልጁ "ስልክ አልቋል፣ ጉደር ይኖር ይሆናል" አለኝ። ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቅዳሜ ሄድኩ። በሩ ላይ "ይከራያል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በማግስቱ እናቴን ልጠይቅ ጊንጪ ስሄድ ከመነኸሪያው በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ቅርንጫፍ ነው የገባሁት። ባለቤቱ ራሳቸው ቁጭ ብለዋል። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ፊታቸው የሒሳብ ደብተር ተዘርግቷል።

"አካም ጂርታ፣ ጋሼ። ስልክ ነበር የፈለግኩት።"

ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ካርቶን አወጡ። ያለፈው ዓመት ሞዴል ነው፣ ያልተከፈተ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ሁለት ሲም ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ ሲጠፋ አንዱ ይኖራል። ካርቶኑ ላይ 12,500 ተጽፎ ተሰርዟል።

"ለምን ቀነሱት፣ ጋሼ?" አልኩ። ቴሌግራም ያስተማረኝ ጥያቄ ነው።

ሳቁ። "ልጄ፣ የከሰርኩ መስሎሻል አይደል? አልከሰርኩም እኮ። ሸጬ አተረፍኩ። በሸጥኩበት ግን መልሼ መግዛት አልቻልኩም።"

ደብተሩን ወደኔ አዞሩት። ዶላሩ ከመለቀቁ በፊት አንዱን በ8 ሺህ ያስገቡት ስልክ ነበር። በ9,500 ሸጡት፣ በእያንዳንዱ 1,500 አተረፉ። አሥሩንም ሸጠው 95 ሺህ ብር ይዘው መርካቶ ወረዱ። ያው ስልክ 14 ሺህ ሆኗል። የአሥር ስልክ ብር ሰባት እንኳን አልሞላም። ስድስቱንም ሸጠው ሲሄዱ ደግሞ... "እንዲህ እያተረፍኩ እያተረፍኩ ሱቁ አለቀ" አሉ። በዚያ ላይ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ያለ ደረሰኝ በየስልኩ ይሸጣል። እሳቸው ደግሞ ኪራይ አለባቸው፣ ግብር አለባቸው፣ ሦስት ሠራተኛ አለባቸው። አሁን አንድ ነው የቀረው።

ብዙ ሰው የዋጋ ግሽበት ሲባል የሚያስበው ገዢውን ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሻጩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያተረፈ ሲያንስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"የመጨረሻ ስንት ነው?" አልኩ። መጠየቅ ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ገበያ አይባልም።

"11,500።"

"11 ሺህ ነው ያለኝ፣ ጋሼ።"

ዝም አሉ። "ለማን ነው?"

"ለወንድሜ። ዘንድሮ ማትሪክ ይፈተናል።"

"እንግዲያው ውሰጂለት።"

ብሩን ሲቆጥሩ እናቴ የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ። ስልክ ልገዛ ነው ስላት አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችው፤ ሬዲዮ አለው ወይ? ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላይ የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ያኔ እኛ ቤት ስማርት ስልክ ማለት ባትሪና ሬዲዮ ብቻ ሆኖ ከረመ። እናቴ ያንን አልረሳችም። ጠየቅኳቸው።

"አለው። ግን ባለ ገመድ ኢርፎን ካልተሰካበት አይሰማም፣ ገመዱ ነው አንቴናው። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ አይመጣም" አሉና ከጀርባቸው አንድ ኢርፎን አንሥተው ካርቶኑ ላይ አስቀመጡ። ኪሴ ስገባ እጃቸውን አወዛወዙ። "ምርቃት ነው።"

ቅናሽና ምርቃት አንድ አይደሉም። ቅናሽ ከዋጋው ላይ የሚነሳ ነው፣ ማን እንደከፈለው ላይታወቅ ይችላል፤ ቀረጥ ያመለጠ፣ ዕዳ የሸሸ፣ ሥራውን ያጣ፣ የተሰረቀ። ምርቃት ግን ሰፍሮ ከሸጠ በኋላ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚጨምረው ነው፣ ያችው ጭብጥ ጤፍ፣ ያችው አንድ ሎሚ። የማን እንደሆነ ይታወቃል። ያን ቀን የቀረልኝ 500 ብር ከማን ኪስ እንደወጣ አየሁ። ዓይን ለዓይን ተያይተን ነው የተሰጠኝ። እንደዚያ ያለ ቅናሽ ሰው ያስጨንቃል፣ ግን አያረክስም።

ወንድሜ ስልኩን በደንብ ተጠቀመበት። ከጎረቤት ልጅ ጋር የነበረው ተራ ቀረ፤ አሁን ጎረቤቱ ነው ባትሪው ሲያልቅ እኛ ቤት የሚመጣው። ምሽት ዜና ሲደርስ ደግሞ ስልኩ የእናቴ ይሆናል፤ ኢርፎኑን ሰክታ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፣ ወንድሜም ፒዲኤፉን እስክትጨርስ ይጠብቃል።

የጊንጪው ቅርንጫፍ ሰኔ ላይ ተዘጋ። ሰውየው ምን እንደሚሠሩ ስጠይቅ ከልጃቸው ጋር እህል ይነግዳሉ አሉኝ። ደስ አለኝ፤ እህል ሸጦ በሸጡበት መልሶ መግዛት ይቻል ይሆናል። ስልኩ እስካሁን አልተበላሸም። ካርቶኑ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው፣ የአንድ ዓመት ዋስትና ከሚለው ወረቀት ጋር። ማኅተሙ ላይ የሦስት ከተማ ስም አለ፤ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ።