ሞቷል የተባለው ቤዝ ተጫዋች

ይህን የምጽፈው ኑሮ ሙያውን ከእጁ ለነጠቀው ሰው፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ ላለውም ሰው ነው። የጃዝ ቤዝ ተጫዋቹ ሄንሪ ግራይምስ ወደ ኒው ዮርክ ከተመለሰ በኋላ መድረክ ላይ ሲጫወት ካዩት አንዱ ነኝ። ከዚያ በፊት የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1935 ፊላደልፊያ ተወለደ። ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። በ1958ቱ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ከቤኒ ጉድማን፣ ከቴሎኒየስ መንክና ከሶኒ ሮሊንስ ጋር ደብል ቤዝ ተጫወተ። በ1960ዎቹ ከማኮይ ታይነር፣ ከአልበርት አይለር፣ ከዶን ቼሪና ከሲሲል ቴይለር ጋር ሸክላ አስቀረጸ። «ዘ ኮል» የተባለውን የራሱን አልበም የቀዳው በ1965 መጨረሻ ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ገደማ ለሥራ ወደ ምዕራብ ጠረፍ በመኪና ሄደ። ቤዙ ጣሪያው ላይ ታስሮ ነበርና የበረሃው ፀሐይ እንጨቱን ጎዳው። ሎስ አንጀለስ ሲደርስ የማሠሪያ ገንዘብ አልነበረውም። ቤዙን ለጠጋኝ ሸጦ በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ቤዝ አልነካም። መሃል ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ በጽዳትና በግንባታ ሥራ ኖረ። ግጥም ግን ይጽፍ ነበር። የድሮ ባልደረቦቹ ወሬው ሲጠፋባቸው ሞተ አሉ፤ መሞቱ በጽሑፍም ሰፈረ።

በ2002 አንድ ጃዝ ወዳድ የሆነ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የተጻፈውን ሳያምን አፈላልጎ አገኘው። ክፍሉ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ አልነበረም። አይለር በ1970 መሞቱን እንኳ አልሰማም። መጫወት ግን ይፈልግ ነበር፤ የጎደለው ቤዝ ነው። ነገሩ ኒው ዮርክ ሲሰማ፣ ራሱም ቤዝ ተጫዋች የሆነው ዊልያም ፓርከር፣ «ኦሊቭ ኦይል» የሚባል አረንጓዴ ቤዙን ላከለት። ስለ ግራይምስ ትልቅነት ብዙ ሊባል ይቻል ነበር። ፓርከር ግን የሥራ ባልደረባ ነውና የሚበጀውን ያውቃል፤ ቤዝ የሌለው ሰው ምስጋና ቢጎርፍለት ጣቱን አያፍታታበትም። ቤዙ ታኅሣሥ ላይ ደረሰ። ግራይምስ ክፍሉን ዘግቶ ልምምድ ጀመረ። በግንቦት 2003 ኒው ዮርክ ቪዥን ፌስቲቫል ላይ ቆመ።

እኔ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ጣቶቹ እምቢ እንዳይሉት ፈራሁ። ወፍራሙን ክር በሁለት ጣቱ ሳበው፤ የወለሉ ንዝረት በጫማዬ ገባ። ቀጥሎ ቀስቱን አነሣ። ሳያርፍ ረጅም ሰዓት ተጫወተ። ሲጨርስ አንድም ቃል ሳይናገር አንገቱን ደፋ አድርጎ አመሰገነን።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በብዙ አገር ተጫወተ፤ አልበሞችም አስቀረጸ። በ2007 የግጥም መጽሐፉ ታተመ። በሚያዝያ 2020 በኮቪድ ምክንያት በ84 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ዐረፈ። ያን ጊዜ የተጻፈው የሞት ዜና እውነተኛ ነበር።

ድምፁ የጠፋባችሁ ባለሙያ ካለ፣ አለቀለት ከማለታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት። ስትሄዱም ምን እንደጎደለው ስሙት። ለግራይምስ የጎደለው አንድ ዕቃ ነበር።