የፎገራ ሰዎች ከነከብቶቻቸው

ፎገራ ላይ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። ልጆቹ፣ ባለቤቲቱ፣ አዝመራው ተጠይቆ ሲያበቃ «ከብቱስ ደኅና ነው?» ይመጣል፤ መልሱ ደግሞ በ«እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ አይቋጭም። የቦራ ጥጃ ጡት መጣሉ፣ ዳለቻ የጎረቤት ሩዝ ውስጥ ገብቶ ያመጣው ጣጣ፣ ወይኖ ክረምቱ እንዴት እንደከበደው፣ ሁሉም በየተራ ይነገራል። የእንስሳት እርባታ ተምሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወረታ ስመደብ፣ ከሥራው ሁሉ አስቀድሞ የወደድኩት ይህን ቆሞ ማዳመጥ ነበር። ሰዎቹ ስለ ከብት ሲያወሩ ይስቃሉ፤ እየሳቁም ያስተምራሉ።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ዙሪያዋን የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። የአገሩ ከብት ሰውነቱ ትልቅ፣ ቀንዱ አጭር፣ መልኩ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ጠባዩም ረጋ ያለ ነው፤ የፎገራ ዝርያ የሚባለው ይኸው ነው። በገበያ ቀን ሻጩ በሬውን ያሞግሳል፣ ገዢው ያጣጥላል፣ ደላላው ከሁለቱም ጋር ይስማማል። አንድ ቀን ገዢው «ጥርሱስ እንዴት ነው?» ሲል ሻጩ «ጥርሱን ተወው ወንድሜ፣ ካንተ የተሻለ ይቆረጥማል» አለው። ከበው የቆሙት ሁሉ አውካኩ፤ ገዢውም እየሳቀ በሬውን አፍንጫው ላይ ያዘና የታች ከንፈሩን ገለጥ አደረገ። ከብት በላይኛው ድዱ የፊት ጥርስ ስለሌለው የሚታየው የታችኛው ነው። ሁለት ቋሚ ጥርስ ያበቀለ ወይፈን ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስምንቱን የሞላው ከአራት ዓመት በላይ ነው። ገዢው ይህን በቅጽበት ያነበዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ዕድሜ ክርክር የለም፣ የሚቀረው የዋጋው ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን አንድ የመስከረም ጠዋት ነው። ማገጥ የሚባለው የግጦሽ ተክል ለምልሞ ጤዛው ገና ያልረገፈበት ሜዳ ላይ ያደረ በሬ ተነፋ። ስንደርስ የግራ ጎኑ ከበሮ አክሏል፤ ምላሱን አውጥቶ ያቃስታል። ባለቤቱ ፊቱ ጠቁሯል። የእርሻ ወቅት ባይሆንም በሬ በሬ ነው፤ አንዱ ከሞተ ቀሪው ብቻውን አያርስም። ጎረቤቶቹ ግን ማንም ሳያዛቸው ሥራ ተከፋፍለው ነበር። አንዱ በሬውን የፊት እግሮቹ ወደ ዳገቱ እንዲሆኑ አዞረው። ሌላው ጣት የሚያህል እንጨት ቆርጦ እንደ ልጓም አፉ ውስጥ አጋደመና ከቀንዱ ጋር አሰረው፤ በሬው እንጨቱን ሲያላምጥ አየሩ መውጫ ያገኛል። ሦስተኛው በጠርሙስ የኑግ ዘይት ይዞ መጣ። ዘይቱ ሆዱ ውስጥ ያለውን አረፋ ይሰብረዋል። ጠርሙሱ በጉንጩ በኩል ገባ። አንድ ወጣት የበሬውን ራስ ወደ ላይ ሊያንጋጥጥ ሲል አንድ ሽማግሌ እጁን ያዙት፤ «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ሳምባው ልትከተው ነው? ይዋጥ፣ ጊዜ ስጠው» አሉት። በኮሌጅ የተማርኩትን እሳቸው በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዝም ተብሎ ግን አልተጠበቀም። ባለቤቱን ለማጽናናት አንዱ የራሱን በሬ ስንፍና አነሳ፣ ሌላው አማቱ ቤት በልቶ ስለተነፋበት ፋሲካ አወራ። በመጨረሻ በሬው አንገቱን ዘርግቶ አገሳ፤ ረጅም፣ ማገጥ ማገጥ የሚሸት ግሳት ነበር። ያው ሰውዬ «እኔም አማቴ ቤት የዳንኩት ልክ በእንዲህ ያለው ነው!» ሲል ባለቤቱ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከየትኛውም መድኃኒት ጋር መሰጠት ያለበት ይመስለኛል።

ቀልዱ ከመረዳዳቱ አይለይም። አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ተቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ ቅንጃ የሚሉት ነው። ቅንጃዎች ሲሰዳደቡ ለሰማ የሚጣሉ ይመስለዋል። «የኔ በሬ ካንተ ጋር ውሎ ስንፍና ለመደ» ይላል አንዱ። ግን የአንደኛው በሬ የታመመ ቀን ሌላው ሌሊት ተነስቶ ሣር ያጭድለታል።

የወጣቱን እጅ የያዙት ሽማግሌ ከብት በሞት ማጣት ምን እንደሆነ ከአያታቸው ሰምተው ያደጉ ናቸው። የደስታ በሽታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የአገሩን ከብት ጠራርጎ፣ የሚታረስበት ጠፍቶ ሕዝቡ በረሃብ ያለቀበትን ክፉ ቀን ሲያወሩ ብቻ ቀልድ አይቀላቅሉም ነበር። ክትባት ሲመጣ ከብታቸውን ከመንደሩ ሁሉ ቀድመው የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ዓለም ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ ሲታወጅ ዜናውን መጀመሪያ ልነግራቸው የተመኘሁት ለእሳቸው ነበር።

የዚያ አገር ሰው ከሁሉ አስበልጦ የሚቀልደው ግን ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ በሚያዳቅለው በአዳቃያችን ነበር። አዳቃዩ የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃውን ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ይዞራል፤ የኮርማው ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ «ኮርማው መጣ! ኮርማው መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። እናቶች ደግሞ «ከሦስት ላም ውለህ ምሳ አልበላም ትላለህ እንዴ?» እያሉ እንጀራ ያቀርቡለታል። እሱ ይስቅና ሥራውን ከእረኞቹ ጋር ይጀምራል። ላሚቱ ኮርማ መፈለጓን በትክክል የሚያውቀው እረኛው ነው። «ሌላዋ ስትወጣባት ቆማላታለች ወይስ ሸሽታለች? ጠዋት ነው ወይስ ማታ?» ይለዋል። ቆማ የታየችው ጠዋት ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። የአገራችን ላሞች የሚፈልጉበት ጊዜ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይጀምራቸዋል፤ በረት አጠገብ የሚያድር ልጅ ዓይን ከሌለ ዘሩ በከንቱ ይቀራል። አዳቃዩ ይህን ስለሚያውቅ እረኛውን እንደ ባልደረባ ነበር የሚያናግረው፣ ልጁም ደረቱን ነፍቶ ይመልስ ነበር።

ዘጠኝ ወር አልፎ አንዷ ላም ስትወልድ ባለቤቷ ወረታ ድረስ መጣ። በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጅህ ተወልዳለች፣ ቀለብ ቁረጥ!» ብሎ ጮኸ። ጽሕፈት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አዳቃዩ ምንም አላለም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን አንድ አሞሌ ጨው ገዝቶ፣ እኔንም አፈናጦ ወደ ሰውዬው ቤት ነዳ። እምቦሳዋ እናቷ ሥር ቆማለች፣ ጎረቤቱ የፈላ እንገር ይቃመሳል። አዳቃዩ አሞሌውን በሁለት እጁ አቀረበ። ሰውዬው ተቀብሎ መዘን መዘን አደረገውና «ይኸ የልጅቷ ነው፤ የእናትየዋስ?» አለው።