ለመድከም ይከፈላል እንዴ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ኪራይም ስለ መታወቂያ እድሳትም አይደለም። ስለ ራሴ ነው። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው፤ ካንሳንጋ ላይ ያስነጠሰን ሰው ካባላጋላ ላይ ሆነው "ይማርህ" የሚሉት እኛ ነና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ሰቨንዝ ስትሪት አካባቢ፣ ከአንድ መጋዘን በላይ ባለው ፎቅ የሴቶች ብቻ ጂም አለ። የነገረችኝ እንጀራ የምታከፋፍልልኝ እህት ናት። "ነይ እንጂ፣ የመጀመሪያው ቀን በነጻ ነው" አለችኝ። በነጻ ተብሎ የሚቀር ስደተኛ አላውቅም። ሄድኩ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዝናብ ከጣለ ናኪቩቦ ቦይ ሞልቶ መኪናውንም እግረኛውንም ያቆማል፣ ካልዘነበ ደግሞ የከባድ መኪናው አቧራ ነው። ቀና ስትሉ ኮረብታው ላይ የኪቡሊ መስጊድ ይታያል። እኔ ያንን ሰፈር የማውቀው ዱቄት ለመግዛት ስሄድ ብቻ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ እንደ ፊልም የሚያብረቀርቅ ማሽን የለም። ወለሉ ላይ ከ1 እስከ 10 ቁጥር በቾክ ተጽፏል። አንዱ ቁጥር ላይ ገመድ ትዘላላችሁ፣ አንዱ ላይ ቁጢጥ ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ አንዱ ላይ ሳጥን ላይ መውጣትና መውረድ ነው፣ አንዱ ላይ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማንሳት። 40 ሴኮንድ ትሠራላችሁ፣ 20 ሴኮንድ ታርፋላችሁ፣ አሰልጣኟ ፊሽካ ስትነፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር ትሻገራላችሁ። ሦስት ዙር፣ በቃ ግማሽ ሰዓት። ሰርኪዩት ይሉታል።

ቤት ገብቼ ሳነብ ነገሩ በ1953 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ሞርጋንና አዳምሰን የሚባሉ ሁለት አሰልጣኞች ናቸው ያወጡት። ብዙ ሰው በጠባብ ቦታና በጥቂት ዕቃ፣ እያንዳንዱ በአቅሙ አብሮ እንዲሠራ የሚያስችል ነው። (ለእኛ የተሠራ አይመስልም?) በ1992 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ከርቭስ የሚባል ጂም ይህንኑ በ30 ደቂቃ፣ ለሴቶች ብቻ አድርጎ ጀመረው፤ በኋላ በብዙ አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ነበሩት። ወንድ የማያይበት ቦታ የምትፈልገው የሐበሻ ሴት ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ላይ የሞትኩ መስሎኝ ነበር። አሰልጣኟ "ኛቦ፣ ቀስ በይ" አለችኝ። ከጎኔ ልብስ ሰፊ አለች፣ ሻይ ሻጭ አለች፣ የሒሳብ ሠራተኛ አለች። አንዳቸውም አላዩኝም፤ ሁሉም በየራሷ ትንፋሽ ተይዛለች። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ይሄ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ስልክ ቁጥሬን የያዛችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ፤ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ ብቻ።

ከዚያ ዋጋው ተነገረኝ። በወር 100,000 ሺሊንግ። የኪራዬ ሲሶ ነው። በእንጀራ ሲሰላ ከ70 በላይ። እኛ ከተማ የምንኖር ሰዎች በሰፈራ ጣቢያ እንዳሉት ራሽን የለንም፤ ካልጋገርኩ አልበላም። በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ የስልኩ መስታወት ተሰብሮ በኢሞ እየተቆራረጠ ያወራኝ ነበር።

ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ደግሞ ለመድከም ይከፈላል እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ቁልቁለት ወርዳ ዳገት ወጥታ ኖራለች። ማንም ፊሽካ አልነፋላትም። አንዲት የማከብራቸው እናት ደግሞ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ደጅ "ሁዳዴን በወጉ የሰገደች ሴት ጂም አያስፈልጋትም" አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ያለፈውን ስቅለት የሰገድኩት በአንድ ጉልበቴ ነው። እሱንም አልነገርኳቸውም።

ለዘመዶቼ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ፎቶ ስልክላችሁ "ተመችቶሻል" ትሉኛላችሁ። አልተመቸኝም። ፖሾና ቻፓቲ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ምጣድ ሥር ቆሞ መዋል ነው። በቅርቡ ክሊኒክ ለሌላ ሰው ላስተረጉም ሄጄ ነርሷ በዚያው የእኔንም ግፊት ለካችው፤ 150 በ95። ደግማ ለካች፣ ያው ነው። "ትንቀሳቀሻለሽ?" አለችኝ። "ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው" አልኳት። "መቆም እንቅስቃሴ አይደለም" አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል። ከቤቴ እስከ ጂሙ 40 ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለቴ ደርሶ መልስ 160 ደቂቃ፤ የቦዳ ቦዳ ብርም ይተርፋል።

"ታዲያ መንገዱ ከበቃሽ ለምን ትከፍያለሽ?" ትሉኛላችሁ። ሞክሬዋለሁ። ሙዬንጋ ዳገት ላይ ሁለት ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን ቦዳ ነጂዎች እስከ ላይ እየሳቁ አጀቡኝ። በሁለተኛው ደከመኝና ግማሽ መንገድ ላይ ተመለስኩ። ሦስተኛ ቀን አልነበረም።

ሐሜቱንም አስቤዋለሁ። ባለፈው ወር ከቤቷ ለተባረረች እህት መዋጮ የለመንኳችሁ እኔ ነኝ። አሁን "ሴትየዋ ጂም ገባች" ሲባል ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ስለዚህ በግልጽ፦ ብሩ የእንጀራዬ ብር ነው። የመዋጮው ደብተር እንደ ወትሮው በወሩ መጨረሻ ፎቶው እዚሁ ይለጠፋል፤ የፈለገ መጥቶ ይቁጠር።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስቸገረኝ ብሩም ሐሜቱም አልነበረም። ፎርሙ ነው። አሰልጣኟ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ "አንድ ወር" እና "ሦስት ወር" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት። ሦስት ወር 240,000 ነው፣ 60,000 ይቀንሳል፣ በሁለት ጊዜ መክፈልም ይቻላል። ማንም ሰው ሦስት ወር ይላል። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እዛ ስደርስ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥርሴን እዛ ስደርስ። እንግሊዝኛ ኮርስ እዛ ስደርስ። ጥሩ ፍራሽ እንኳ አልገዛሁም፣ ለማን ትቼው እሄዳለሁ ብዬ። በእነዚህ ዓመታት ሰው ስለ ሰውነቴ በደንብ የጠየቀኝ ለሜዲካል የተጠራሁ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ደሜና ሳንባዬ የታየው ለፋይሉ ነው። ከዚያ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን አቆመች። ሻንጣ የሸከፉ፣ ዕቃ ሸጠው የጨረሱ ሰዎች በረራቸው ተሰረዘ። የእኔም ሜዲካል ጊዜው አለፈበት። እናንተም ውስጥ ስንቶቻችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

"ሦስት ወር" ላይ ምልክት ማድረግ "አልሄድም" ብሎ መፈረም መሰለኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ፕሮሰሱ ጂም ገባች ብሎ አይቆምም። ነገሩን ለአሰልጣኟ ብነግራትም አይገባትም። "ከሄድሽ ቀሪውን ለጓደኛሽ ታስተላልፊዋለሽ" አለችኝ፣ ጉዳዩ የብር መስሏት። እኔም ሳቅኩ። ሦስት ወር ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ግማሹን በሞባይል መኒ ላክሁ፣ ወንድሜን ደግሞ መስታወቱን እስከሚቀጥለው ወር ታገሠኝ አልኩት። "እሺ" አለኝ። ተቀይሟል።

ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው። ከካባላጋላ 12 ሰዓት ከ10 ላይ እነሳለሁ፤ አብራችሁኝ መሄድ የምትፈልጉ እህቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ብዙ ከሆንን መንገዱም ይቀላል። የመጀመሪያው ቀን በነጻ ነው። ቀሚስ በሱሪ ላይ የለበሱ አሉ፣ ማንም ምንም አይልም። ነጠላ ጫማ ግን አታድርጉ፤ እኔ አድርጌ ሄጄ አይቼዋለሁ።