ከቆቦ ወዴት?

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ጎብዬንና ሮቢትን ስታልፉ ሜዳው ወለል ብሎ ይከፈታል። በግራ የደጋው ተራራ፣ በቀኝ የዞብል ሰንሰለት፣ መሐሉን ማሽላ ሞልቶታል። ቆቦ ከወልድያ 50፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ባለፈው ኅዳር የሄድኩት ግን ሜዳውን ላይ ሳይሆን ለወንድሜ ልጅ ጉዳይ ነው። ልጁ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ቋሚ ሥራ ግን አላገኘም። አባቱ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ «መጥተሽ አማክሪን፤ ከተማ የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብሎ ደወለልኝ። እውነቱን ለመናገር የማውቀው ከተማ አንድ ነው፤ እሱንም ቢሆን በደንብ የማውቀው በቤት ኪራዩ ነው።

ልጁን ያገኘሁት ከዋናው መንገድ ዳር ባለች የጓደኛው የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ስክሪን ይቀይራል፣ ፓስዎርድ ለጠፋበት ይከፍታል፣ ሽንኩርት ሸጦ ለመጣ ገበሬ ቴሌብር ያስተካክላል። «ሥራ የለም አትበይ፣ አክስቴ። ሥራ አለ፤ የተማርኩት ግን ይሄን አይደለም» አለኝ።

ማታ ቡና ላይ ተቀመጥን። በራያ «ወዴት ልሂድ?» ያለ ወጣት ቀድሞ የሚሰማው መልስ «ሳውዲ» ነው። በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ የመን፣ ከየመን ድንበር መሻገር። ከዚያው ሰፈር በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁለት ልጆች አንዱ ብር ይልካል፤ የሌላው ወሬ ከጠፋ ቆይቷል። እናቱ ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልተናገረችም። «ብቻ ሌሊት እንዳይነሳብኝ» አለች፤ ሁላችንም ገባን።

ልጁ ደብተሩን አወጣ። አዲስ አበባን፣ ናይሮቢንና ቆቦን በሦስት ረድፍ ጽፏቸዋል። ናይሮቢን ያመጣው ጓደኛው ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2011 ዓ.ም. የአፍሪካ የሶፍትዌር ማዕከሉን ከከፈተባቸው ሁለት ከተሞች አንዷ እሷ ናት። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም መባሉም አጓጉቶታል። ሆኖም ያለ ቪዛ መግባት ሌላ፣ የሥራ ፈቃድ ማግኘት ሌላ ነው። እሱም ያውቀው ኖሮ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል።

እኔ ይዤ የሄድኩት ሐሳብ «እዚሁ ሁነህ ሥራ» የሚል ነበር። መንግሥት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ከሚሰጠው የ«አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» ሥልጠና የፕሮግራሚንጉንና የአንድሮይዱን ጨርሶ ሰርተፊኬቱን በስልኩ አሳይቶኛል። ቤት አለው፣ ምግብ አለው፣ ኪራይ የለበትም፤ ታዲያ ላፕቶፑን ይዞ እዚሁ ቢሠራስ? እንዲህ ስል ልጁ ሳቅ አለ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

ገና ተማሪ ሳለ አዲስ አበባ ላለ አንድ ነጋዴ ድረ ገጽ ጀምሮለት ነበር። ግማሽ ላይ እንዳለ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ተመልሶ እስኪመጣ ብዙ ወራት አለፈ። ከዚያ በፊትም ጦርነቱ በ2013ም በ2014ም ክረምት ቆቦ ድረስ ደርሶ መብራቱም ስልኩም ጠፍቶ ያውቃል። «ደንበኛ አንድ ሳምንት ይታገሣል። ዓመት ማን ይታገሠኛል?» አለ። መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ከየትም ሆነህ መሥራት ትችላለህ» ማለት ቀላል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወንድም ጋሼ ማሳውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የራያ ገበሬ ዝናቡን ብቻ አይጠብቅም። ክረምት ከደጋው ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በእንጨት እየገደበ፣ ቦይ ቀዶ ወደ ማሳው ይመልሰዋል፤ ጠለፋ ይሉታል። ከላይ ያለው መጀመሪያ ያጠጣል፣ ከታች ያለው ተራውን ይጠብቃል፤ ጎርፉ ትንሽ በሆነ ዓመት ተራው ሳይደርስ ያልቃል። ደረቁን ቦይ በዱላው እየነካካ «ልጁ ከታች ነው ያለው» አለኝ። ከዚያ ስለ በሬው አነሳ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጦ ሊልከው አስቧል። አንድ በሬ የቀረው ሰው ደግሞ ማሳውን ለእኩል ከመስጠት በቀር ብዙ ምርጫ የለውም።

በዚህ ላይ ተከራከርን። አዲስ አበባም ቢሆን የሚያሳስብ ነገር ሞልቶታል። ጎሮ አካባቢ የአይሲቲ ፓርክ አለ፤ ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሥራ የተሳተፈው አይኮግ ላብስም ያለው እዚያው አዲስ አበባ ነው። ግን ማስታወቂያው ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ» ይላል። የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ቢያዝዝም፣ ደመወዝ የሌለው ልጅ ውል ለመፈራረም እንኳ አይደርስም። የበሬው ዋጋ ስንት ወር ያኖረዋል ብለን ደብተሩ ላይ ደመርን። ልጁ ራሱ እርሳሱን አስቀምጦ «በሬው አይሸጥም» አለ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ስድስት ወር እኔ ቤት ይቀመጣል። ከማሽላው ተሸጦ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛለታል፤ በሬው ይቀራል። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሥራ ካልተገኘ ሳውዲ የሚባል ነገር ሳይነሳ ወደ ቆቦ ይመለሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ያስጨመረችው እናቱ ናት፤ በቁርዓን አስምላዋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው እህቱ ስኒ እየሰበሰበች «የእኔስ መቼ ነው የሚመከረው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ አልመለስንላትም።

አሁን ሳሎኔ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል። ሦስት ቦታ ተፈትኖ ከአንዱ መልስ እየጠበቀ ነው። ሲመጣ ከላፕቶፑ ጋር የሱቁን ትንንሽ መፍቻዎች ሸጉጦ አምጥቶ ኖሮ፣ ማታ ማታ የጎረቤቶቼን ስልክ ይጠግናል።