ከዶሯችሁ ሥር ያነሳችሁትን እንቁላል አትጠቡ

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ያለው መንደር 8 ከላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ የተነሱ ሱዳናውያን እንዲሰፍሩበት ከተሠሩት መንደሮች አንዱ ነው፤ ከኅዳር 2013 ወዲህ ደግሞ ድንበር ተሻግረው የመጡ ኢትዮጵያውያን መቀበያ ሆኗል። በዚህ ምድር ሁለት ሦስት ዶሮ ላለው ቤት እንቁላል ለልጆች ከጓሮ የሚገኝ ገንቢ ምግብ ነው፤ አንዱም ገምቶ እንዳይጣል መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለጥንቃቄ ተብሎ የሚደረግ አንድ ነገር ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ እንቁላሉን እንዳነሱ በውሃ አጥቦ ማስቀመጥ። የእንቁላል ቅርፊት ድፍን አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ጫጩቷ የምትተነፍሰውም በእነሱ በኩል ነው። ዶሮዋ ከመጣሏ ጥቂት ቀደም ብሎ ቅርፊቱ ስስ እርጥብ ሽፋን ይለብሳል፤ ሽፋኑም ወዲያው ደርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የውስጡ እርጥበት ቶሎ እንዳይተን፣ የውጭው ጀርም እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው። ውሃና ፍትጊያ ሲያገኘው ይለቃል።

ከዚህ የሚብሰው የውሃው ቅዝቃዜ ነው። የሞቀ እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ውሃውን ከነእድፉ በቀዳዳዎቹ ይስባል። አሜሪካ ውስጥ እንቁላል አጥበው የሚያሽጉ ድርጅቶች ውሃቸው ቢያንስ 32 ዲግሪ እንዲሆን፣ ከእንቁላሉም በ11 ዲግሪ ገደማ የበለጠ እንዲሞቅ የሚገደዱት ለዚህ ነው። ይህን ስሌት ወደ ገዳሪፍ አምጡት። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ ጥላ ሥር ሆኖ 38 ዲግሪ የሞቀ እንቁላል የሚታጠበው በ49 ዲግሪ ውሃ መሆን ነበረበት፤ እጅ ነክረው የማይቆዩበት ውሃ ማለት ነው። በየቤቱ ቀርቦ የሚገኘው ግን የዚር፣ ማለትም የሸክላ ጋን፣ ውሃ ነው፤ የዚር ውሃ ደግሞ በሐሩር ቀን ከአየሩ በብዙ ይቀዘቅዛል። ለጠጪ የሚጣፍጠው ያ ቅዝቃዜ ለእንቁላል ጠላት ነው። «ታዲያ አሜሪካኖቹ እያጠቡ እንዴት ደኅና ሆኑ?» ለሚል መልሱ አጭር ነው። እነሱ በሙቅ ውሃና በጀርም መግደያ አጥበው፣ አድርቀው፣ ከ7 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ያስቀምጡታል። የአውሮፓ ኅብረት በተቃራኒው ሽፋኑ እንዳይለቅ ብሎ አንደኛ ደረጃ እንቁላል እንዳይታጠብ ይከለክላል። ሁለቱም ሥርዓት የሚሠራው ሙሉውን ሲከተሉት ነው። ማጠቡን ከአንዱ ወስዶ ማቀዝቀዣውን መተው ግን የሁለቱንም ጥቅም ያሳጣል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ኩስ የነካውን እንቁላል እንዲሁ ከነእድፉ ቤት ላስገባ ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሳልሞኔላ በዶሮ ኩስ ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ የምናጥብበት ውሃ ራሱ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ መጠየቅም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 በገዳሪፍ ባሉት በኡም ራኩባና በቱናይድባ የስደተኞች ካምፖች ሄፓታይተስ ኢ ታይቷል፤ በ2024 ደግሞ ገዳሪፍ ኮሌራ ከገባባቸው የሱዳን ግዛቶች አንዷ ነበረች። ሁለቱም በተበከለ ውሃ የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ ጽዳቱ የሚጀምረው ዶሮዋ ከምትጥልበት ቦታ ነው። የማሽላ ገለባውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ ዶሮዎቹ እዚያው እንዳያድሩ ከፍ ያለ ቆጥ መሥራት፣ እንቁላሉን ጠዋትና ከሰዓት ማንሳት ያስፈልጋል። ጥቂት እድፍ ያለበትን በደረቅ ሻካራ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል። ኩስ የተለጠፈበትን ከሌሎቹ ጋር አታስቀምጡት፤ ሊበስል ሲል ብቻ ይታጠብና በዚያው ቀን በደንብ በስሎ ይበላ። የተሰነጠቀውን መጣል ነው። እጅን በሳሙና መታጠብ ግን ሁልጊዜም ግዴታ ነው።

የማስቀመጡ ነገር በኦርቶዶክሳውያን ቤት ይከብዳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ዶሮ ግን ስለጾም መጣሏን አታቆምም፤ ጾሙም የሚውለው ሐሩሩ በሚበረታበት ወራት ላይ ነው። አውራ ያገኛት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ከ21 ዲግሪ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀት ሲቆይ ፅንሱ ማደግ ሊጀምር ይችላል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም እድገቱ ይፈጥናል። ዶሮ ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። ስለዚህ ለምግብ የምትፈልጉትን እንቁላል ከሚጥሉት ዶሮዎች አውራውን ለዩ፤ ከተለየ በኋላም እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ የሚጣለው እንቁላል ፅንስ ሊኖረው ይችላል። ለማቀዝቀዣ የሚሆን ነገር በእጃችሁ አለ፤ አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላትና አሸዋውን ጠዋት ማታ ማራስ። ናይጄሪያዊው መምህር ሙሐመድ ባህ አባ በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል፤ ዘዴው ዳርፉር ውስጥም ተሞክሯል። የሚያቀዝቅዘው ውሃው ሲተን ስለሆነ በደረቁ ወቅት፣ ማለትም በዚያው በጾሙ ወራት፣ በደንብ ይሠራል። እንቁላሎቹ እርጥቡን ሸክላ እንዳይነኩ ደረቅ ገለባ አንጥፉላቸው፤ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ዝናቡ ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አየሩ ስለሚረጥብ ሸክላው እምብዛም አያቀዝቅዝም፤ ያኔ ለማቆየት መድከሙን ትቶ በጥቂት ቀን ውስጥ መብላት፣ ወይም ለማይጾሙት ሱዳናውያን ጎረቤቶች መሸጥ ይሻላል። ለሕፃናትም መስጠት ነው፤ ጾሙ እነሱን አይመለከትም።

እንቁላልን በጤፍ ወይም በማሽላ ውስጥ ቀብሮ ማቆየት በአገራችን ገጠር የታወቀ ነው፤ ከፀሐይና ከመጋጨት ስለሚከላከል ብልሃቱን አልነቅፍም። ነገር ግን የቅርፊቱ እድፍ ወደምንበላው እህል ይገባል፤ ገለባ ያው ሥራ ይሠራል። በውሃ ውስጥ ጥሎ መስመጥ መንሳፈፉን ማየትም የሚነግረን ዕድሜውን ብቻ ነው። እርጥበቱ እየተነነ ውስጡ ያለው አየር ሲሰፋ ይንሳፈፋል፤ ሳልሞኔላ ያለበት እንቁላል ግን ትኩስ ከሆነ ይሰምጣል። ባክቴሪያው ዶሮዋ ውስጥ እያለ ገና ቅርፊቱ ሳይሠራ ሊገባም ስለሚችል፣ ማጠብም አለማጠብም ከእሱ ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ የሚያድነው እሳት ነው። ስለዚህ አስኳሉ እስኪጠነክር አብስሉት፤ ጥሬ እንቁላል ለሳል ወይም ለጉልበት ተብሎ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕመምተኛ አትስጡ።