ቡፌው ውስጥ የተቆለፈ ገንዘብ

ሚኒማሊዝም በፎቶ ሲታይ ነጭ ግድግዳና ባዶ ክፍል ነው። በቤት በጀት ውስጥ ግን ትርጉሙ ለማይሠራ ዕቃ ገንዘብ አለማውጣት፣ ለሚሠራው ደግሞ ሳይሳሱ መክፈል ነው። ይህን ለመረዳት አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሳሎን የሚገኘውን ባለ መስታወት ቡፌ ማየት ይበቃል። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ብርጭቆዎች ስድስት ስድስት ሆነው ተሰልፈዋል፤ ከታች ከሰርግ ጀምሮ ካርቶኑ ያልተከፈተ የሾርባ ሳህን አለ። ባለቤቶቹ ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጡት እጀታው በወለቀ ኩባያ ነው። ቡፌው የእንግዳ ነው ይባላል፤ ጎረቤት ድንገት ብቅ ሲል የሚቀርብለት ግን ያው ከኩሽና ታጥቦ የመጣው ነው።

ዕቃ ሲገዛ የሚከፈለው ዋጋ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። ዕቃ ቦታ ይይዛል፤ በከተማ ቦታ ማለት ደግሞ ኪራይ ማለት ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ተከራይ ነው፣ ያውም ቤት በሚለቅበት ቀን። አይሱዙው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፣ ጫኝና አውራጅ ጓዙን አይቶ ዋጋ ይጨምራል፣ የቡፌው መስታወት መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ያ የሾርባ ሳህን አንዴም ሾርባ ሳይቀርብበት ሦስት ሰፈር ዞሮ ይሆናል።

በጀት የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ጃፓናዊቷ ጋዜጠኛ ሃኒ ሞቶኮ እ.ኤ.አ. በ1904 ለቤት እመቤቶች ያሳተመችው «ካኬቦ» የተባለ የሒሳብ ደብተር ዛሬ ከጃፓን ውጭም አድናቂዎች አሉት፤ አሠራሩ ግን ማንኛውም የሱቅ ዱቤ መዝገብ ያየ ሰው የሚያውቀው ነው። ገቢና ወጪ በእጅ ይጻፋል። በእጅ መጻፉ ለዛሬ ሰው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ገንዘብ በቴሌብርና በሞባይል ባንክ ሲወጣ ኪስ መጉደሉን እጅ አያውቀውምና። አንድ ወር ሙሉ ኪራዩ፣ አስቤዛው፣ ትራንስፖርቱ፣ የስልክ ጥቅሉ፣ ዕድሩ ሳይቀር ይመዘገባል። ወሩ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ የሚያስደነግጠው አስቤዛው አይደለም። ርካሽ ስለሆነ ብቻ መንገድ ዳር የተገዛው ነው፦ ሦስተኛው የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሌላ የስልክ ሽፋን፣ ለልጅ የማይበቃ ጫማ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁጠባው ነው፤ እዚህ ላይ ከውጭ የሚቀዳ ብዙ ነገር የለም። ዕቁብ ሥራውን ቀድሞ ሠርቶታል። አሥር ሰዎች በወር 3,000 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት በአንዴ 30,000 ብር ያነሣል፤ ወለድ የለበትም፣ ዳኛና ዋስ ስላለው ደግሞ «በዚህ ወር አልተመቸኝም» ማለት ያሳፍራል። ገንዘቡ ለወጪ ሳይደርስ ከእጅ ይወጣል። የዕቁብ ድክመት ያለው ሲወጣ ነው። ምን እንደሚሠራበት አስቀድሞ ያልተወሰነ የዕቁብ ብር ዕጣው በወጣ ሳምንት ሶፋ ወይም ሰፋ ያለ ቴሌቪዥን ይሆናል። ስለዚህ መጣል ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የስድስት ወር ኪራይ፣ የንግድ መነሻ ተብሎ ስም ሊሰጠው ይገባል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ሚኒማሊዝምን የሚፈትነው ግን የዋጋ ንረት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ግሽበቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህን ያየ ሰው «ብር ከማስቀመጥ ዕቃ መግዛት ይሻላል» ቢል አልተሳሳተም። ነገር ግን ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም። በመኸር ወቅት የተገዛ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ለዓመት የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ ይበላል፤ ለተጀመረ ቤት የተገዛ ብረት ይሠራበታል። ሁለተኛው ፍሪጅና አራተኛው ብርድ ልብስ ግን ሲሸጡ የተገዙበትን አያወጡም። ጎተራ መሙላትና ቡፌ መሙላት ለየቅል ናቸው፤ ሁለቱንም «ቁጠባ» ብሎ መጥራት ብዙ ቤት አክስሯል።

ማኅበራዊ ወጪ ላይ መቀስ ሲነሣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕድር በወር የሚጠይቀው ትንሽ ነው፤ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሰዉን ይዞ ይደርሳል። እሱን መሰረዝ ኢንሹራንስን እንደመሰረዝ ነው። መቀነስ ያለበት ለስም ሲባል የሚበደሩለት ነው፤ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ዓመት ሙሉ የሚከፈል የድግስ ዕዳ።

ትርፉን ዕቃ ማስወጣቱ ራሱ ወጥመድ አለው። ልዋጭ ባዩ በር ላይ ሲጮህ ሁለት ሱሪና አንድ ኮት ተሰጥቶ ባልዲ ይገባል፤ ቁም ሳጥኑ ሲቀል ኩሽናው ይሞላል። ቁራሌው የሚሰጠው ያንሳል፣ ግን የሚከፍለው በብር ነው። ደህናውን ልብስ ለሚለብሰው ዘመድ ሰጥቶ፣ የተበላሸውን ለቁራሌው ሸጦ፣ የተገኘችውን ብር ሌላ ነገር ሳይገዛባት በዚያው ቀን ለዕቁቡ ክፍያ ማዋል ይቻላል። የሾርባ ሳህኑም ከካርቶኑ ወጥቶ ለእሑድ ምሳ ይቀርባል፤ እጀታው የወለቀው ኩባያ ይጣላል።