በክረምት ወደ ነቀምቴ፤ ከልጆች ጋር

ክረምት ሕፃናት ከትምህርት የሚያርፉበት ወራት ነው፤ ለመንገደኛ ግን ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ወራት ይኸው ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ሩቅ ያለ ዘመድ ሊጠይቅ የሚያስብ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ በበጋ ልጆቹን ከትምህርታቸው አስቀርቶ መሄድ፣ ወይ በክረምት ዝናቡንና ጭቃውን ችሎ መውጣት። እኛ ሁለተኛውን መርጠናል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በመጪው ሐምሌ ሦስቱን ልጆቻችንን ይዘን በገዛ መኪናችን ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ እንሄዳለን። ትልቋ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ መካከለኛው ሰባት፣ ትንሹ አራት። አያታቸው የሚኖሩት በጊምቢ ነው፤ ትንሹን በስልክ ድምፁን ሰምተውታል እንጂ ገና በዐይናቸው አላዩትም። ክቡራን አንባብያን፣ ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ አሳብ ያላችሁ ብዙ ናችሁና እንዴት እንዳሰናዳነው እንጽፍላችኋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ያየነው የመንገዱን ካርታ አይደለም፤ ባሕረ ሐሳቡን ነው። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ሃያ አምስት ቀን አለ። አራት ዓመት ሙሉ የልጅ ልጃቸውን የጠበቁ አያት፣ ዶሮ ሳያርዱና ቅቤ ሳያነጥሩ እንግዳ ተቀበልን ለማለት ልባቸው አይፈቅድም፤ በፍልሰታ ብንሄድ እርሳቸውም ይጨነቃሉ፣ እኛም እንጨነቃለን። ከዚህም ሌላ ልጆቹ ፍልሰታን በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱና እየቈረቡ መጾም ለምደዋል፤ ያን ልማድ በመንገድ ላይ ልናሰናክለው አልፈለግንም። እንግዲህ በሐምሌ አጋማሽ ወጥተን ከነሐሴ በፊት እንመለሳለን። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ የሚውሉት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በሽሮና በተቆላ በቆሎ ያልፋሉ።

ስለ ዝናቡ ደግሞ። የወለጋ ክረምት የሸዋ ክረምት አይደለም። በነቀምቴ ዙሪያ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል፤ ይህም ከአዲስ አበባው እጅግ የሚበልጥ ነው። የሚጀምረውም በግንቦት፣ የሚያባራውም ጥቅምት ከገባ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ማለዳው ብዙ ጊዜ ገለጥ ይላል፤ ደመናው የሚከብደው ከቀትር በኋላ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ሕግ አወጣን፤ ከጧቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት እንነሣለን፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ካሰብንበት እንደርሳለን፣ ካልደረስንም በቅርብ ባለው ከተማ እናድራለን። ጨለማና ዝናብ በአንድነት ሲመጡ ከባድ መኪና በበዛበት ጎዳና ላይ ልጅ ይዞ መገኘት ከቶ የሚገባ አይደለም።

ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ጧት ተነሥቶ በአንድ ቀን ይገባል። እኛ ግን ለሁለት ከፍለነዋል፤ የመጀመሪያው ቀን አምቦ ላይ ይቆማል፤ ይኸውም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁብን። የአራት ዓመት ሕፃን በመኪና ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በጸጥታ እንደማይቀመጥ ረስተውት እንደ ሆነ አናውቅም። በተለይም የእኛው ትንሽ መንገዱ ሲጠማዘዝ ያስመልሰዋል፤ ስለዚህ ባዶ ሆዱን ሳይሆን ጥቂት ደረቅ ዳቦ በልቶ ይሄዳል፣ ሎሚም በእጁ ይዞ እያሸተተ ወደ ፊት ለፊት እንዲመለከት እናደርጋለን።

የመጀመሪያው ቀን አጭር በመሆኑ መቆሚያ ይገኛል። አዲስ ዓለም ላይ እንወርዳለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ የማገዶ እጥረት ቢያስጨንቃቸው ከተማቸውን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ማገዶው ሲገኝ አሳባቸውን ለወጡ፣ ሊያድሩበት ያሠሩትም ቤት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ባሕር ዛፍ እያሳየን፣ «ይህ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ቤታችሁ ዛሬ እዚህ በሆነ ነበር» ብንላቸው ልጆቹ ታሪኩን ከመጽሐፍ ይልቅ የሚይዙት ይመስለናል። አምቦም የምታድረው ለእንቅልፍ ብቻ አይደለችም። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ የሚሸጠው ውኃ ከምድር የሚፈልቅባትን ከተማ ማየት፣ አፍንጫውን የሚነዝረው ጠጠር የመሰለ አረፋ ከፋብሪካ የተጨመረ ሳይሆን ከመሬት ጋር የመጣ መሆኑን መስማት ለሰባት ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

በሁለተኛው ቀን ጉደርን ተሻግረን ወደ ጌዶ እንወጣለን። ከፍታው ብርድና ጉም ስላለው የልጆቹ ሹራብ ከሻንጣ በታች ሳይሆን በእጅ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያ መንገዱ ወደ ባኮ ይወርዳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሹራብ የለበሰው ሁሉ ማውለቅ ይጀምራል። ባኮ በበቆሎዋና በእርሻ ምርምር ጣቢያዋ የታወቀች ናት፤ በሐምሌ በቆሎው ከሰው ቁመት ይበልጣል እንጂ እሸቱ ገና ነው። እዚህ ላይ እናቶች ልብ እንዲሉ የምንፈልገው ወባ ነው። የባኮና የዴዴሳ ሸለቆ ቆላ ነው፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ወባ ክፉኛ በርትቶ እንደ ነበር አይዘነጋም። ስለዚህ በቆላው አናድርም፤ አጎበር ግን ነቀምቴም ብንሆን ይዘን እንሄዳለን፤ ከተመለስንም በኋላ ከልጆቹ አንዱ ቢያተኩሰው ሳንውል ሳናድር ደሙን እናስመረምራለን።

የመኪናውን ዕቃ በአጭሩ እንለፈው፤ ስኮርታው በደንብ የተነፋ፣ ክሪኩ የሚሠራ፣ የመስታወት መጥረጊያው ጎማ አዲስ፣ ፍሬኑ የታየ። ፕላስቲክ ድንኳን፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ። ሁለት ቅያሪ ልብስ ለያንዳንዱ ልጅ፤ ለትንሹ አራት።

ነቀምቴ ስንደርስ ዝናብ በቤት የሚዘጋን ቀን መኖሩ አይቀርም። ከተማዋ ግን ለዚህ አትቸገርም፤ የወለጋ ሙዚየም አለ፣ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም አለ። ደጃዝማች ኩምሳ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ይባሉ ነበር፤ አባታቸው ሞረዳ በከሬ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ነበሩ። ለትልቋ ልጃችን የምንተርክላት ደግሞ የጥቁር አንበሳን ታሪክ ነው፤ እርሱም የክረምት ታሪክ ነው። በመንገዳችን በምናልፈው በሆለታ በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ጠላት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ምዕራብ ሄደው ከሌሎች አርበኞች ጋር በነቀምቴ ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቆሙ፤ መሪያቸውም የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በዚያው ሰኔ፣ ክረምቱ በገባበት ወራት፣ ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ በቦናያ ሜዳ ቢያርፉ፣ አርበኞቹ በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው። ከሆለታ እስከ ነቀምቴ እነዚያ ወጣቶች በሄዱበት አቅጣጫ እኛ በመኪና ተቀምጠን እየሄድን «መቼ ነው የምንደርሰው» የሚል ልጅ ቢኖር መልሱን አግኝተናል።

ለምግቡ አናስብም። የአገሩ ሥር የሆነው አንጮቴ ዋናው ጊዜው የመስቀል ሰሞን ስለ ሆነ በሐምሌ ባይገኝ አንቀየምም፤ ጮምቦ ግን በቅቤ ርሶ እንደሚቀርብልን ተነግሮናል። ልጆቹም ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ የኦሮምኛ ሰላምታ እያጠኑ ነው፤ ለሰላምታ «አካም ጅርቱ»፣ ለምስጋና «ገላቶማ»። ትንሹ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አኮ»፣ ማለት አያቴ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ጊምቢ ከነቀምቴ ወዲያ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም የዴዴሳን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወለጋን ያስጨነቀው የትጥቅ ግጭት ስንቱን ቤተሰብ ሐዘን እንዳስቀመጠና ስንቱን ከቀዬው እንዳፈናቀለ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። መንገዱ ለወራት ሰላም ሆኖ ይከርማል፤ ከዚያም በአንድ ሳምንት ይለወጣል። አባትና እናት ብቻችንን ብንሆን ኖሮ ምናልባት እንሄድ ነበር። ሕፃን ግን አስቦ የመረጠው መንገድ የለውም፤ የሚሄደው እኛ ስለ ወሰድነው ነው። ስለዚህ በብዙ ምክር፣ ሁለት ሌሊትም ሳንስማማ አድረን፣ ዕቅዱ ነቀምቴ ላይ እንዲያበቃ ቆረጥን።

ታዲያ አያቲቱስ? እርሳቸው ወደ ነቀምቴ ይምጡ ማለት፣ እኛ የፈራነውን መንገድ ሽማግሌ ሰው ይሂዱበት ማለት ነው። ይህን ለማለት አፋችን አልታዘዘልንም። ነገሩን በስልክ ያነሡት ራሳቸው ናቸው። «እኔ ለሕክምናም ለለቅሶም ነቀምቴ እመላለሳለሁ፤ ልጆቹን ግን እንዳታመጡብኝ። ቀኑን ንገሩኝ እንጂ እኔ እመጣለሁ» አሉ። ልንከራከራቸው ሞከርን፤ ሳይሰሙን ስለ በቆሎው ማውራት ጀመሩ።

የመጨረሻው ውሳኔ እንዲህ ሆነ። አምቦ ባደርንበት ማታ እንደውላለን። በዚያ ሳምንት በጊምቢና በነቀምቴ መካከል አውቶቡሱ በየቀኑ የሚመላለስ ከሆነና ሾፌሮቹ በጎ ከተናገሩ፣ እርሳቸው ከእኅታችን ጋር በማግሥቱ ጧት ይነሣሉ። ካልሆነ ግን ማንም አይነሣም፤ እኛም ነቀምቴ የሚያስኬደን ከሌለ ከአምቦ እንመለሳለን፣ ልጆቹም ይህን ከወዲሁ ሰምተውታል። ትልቋ ዝም አለች፤ መካከለኛው የአምቦን ውኃ በጄሪካን እንዲይዝ ጠየቀ።

ለትንሹ የክረምት ቦቲ ልንገዛለት ስንል አያቱ ከልክለውናል። የእግሩን ልክ በክር ለክተን ቁጥሩን እንድንነግራቸው አዘዙ፤ ነቀምቴ ገበያ ላይ ራሳቸው መርጠው ሊገዙለት ነው።